አራት ሜትር

አያቴ «ኤሊ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ሲደሰቱብኝ «ኤሊዬ»፣ ሲቆጡኝ «አንቺ ኤሊ»። ስሙ የወጣልኝ በአራት ዓመቴ ነው። አያቴ ፖስተኛ ነበሩ፤ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ደብዳቤ ሲያድሉ ይዘውኝ ይወጣሉ። እኔ ደግሞ ሥራዬ በየደረስንበት መቆም ነው። የበር እጀታ አይቼ እቆማለሁ፣ የጉንዳን ሰልፍ አይቼ እቆማለሁ፣ የተሰጣ ሸሚዝ ነፋስ ሲነፋው ሰው የገባበት ይመስለኝና አፌን ከፍቼ እቆማለሁ። አያቴ አንድም ቀን እጄን ጎትተው አያውቁም። ቆመው ይጠብቁኛል፤ ከዚያ በእኔ እርምጃ ልክ እንቀጥላለን። ደብዳቤው ለምን ዘገየ ብሎ ፊቱን የሚያጠቁርባቸው ሰው ካለ «አለቃዬን ጠይቃት» እያሉ ወደ እኔ ይጠቁማሉ።

እነዚያ ጠዋቶች ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣሉ። መንገዱ ማለቂያ የለውም፣ ፀሐይዋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ትሸጋገራለች፣ የቆዳ ቦርሳቸው ሽታ ከፊታችን ይሄዳል፤ ከታች ደግሞ የሳቸው ትልቅ ጫማና የኔ ትንሽ ጫማ እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ያርፋሉ። የት እንደምንሄድ አላውቅም ነበር። ማወቅም አልፈልግም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የሕብረተሰብ ጤና የመረጥኩት ትልቅ ዓላማ ኖሮኝ ነው ብል ውሸቴን ነው። ቅጹ በሚሞላበት ቀን በመስኮት ውጭ ውጭውን ሳይ ሌላው ክፍል ሁሉ ሞልቶ ጠበቀኝ። ሁለት ዓመት ስለ ውኃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቁጥር ተማርኩ፤ ጆሮዬ ክፍል ውስጥ፣ ቀልቤ ሌላ ቦታ። በሦስተኛው ዓመት ግን አንዲት መምህርት መጡ። ሙያቸው የእርጅና ጥናት ነው። ወፍራም መነጽር አላቸው፤ ጠመኔውን ሲጋራ ይመስል በሁለት ጣት ይይዙታል።

«አንድ ሽማግሌ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ከደሙ ምርመራ በፊት እርምጃው ይነግራችኋል» አሉ የመጀመሪያው ቀን። «አራት ሜትር አስኪዱት። ሰከንድ ቁጠሩ። በቃ።»

ከነበርኩበት ደመና ዱብ አልኩ። በዚህ ዓለም ላይ አሳምሬ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ከሽማግሌ ጋር መራመድ ነው፤ እሱ ደግሞ ትምህርት ሆኖ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አገኘሁት! ከዚያን ቀን ጀምሮ የፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ጓደኞቼ አልጋ ላይ የወደቀች ሰው ተነስታ የሄደች ያህል ተገረሙ።

በመጨረሻው ዓመት መምህርቷ እኛ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ለመመረቂያ ጥናት ላኩኝ። ጤና ጣቢያው ቤት ለቤት እየሄደች አረጋውያንን የምታይ አንዲት ነርስ መድቦ ነበር፤ ነርሷ ግን አንድ ሰው ናትና ከአሥራ ሁለት ቤት በላይ አትችልም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ካሉት ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ውስጥ እጅግ ያዘገሙትን አሥራ ሁለቱን ለይቼ ማውጣት ነበረብኝ። በዚያው ሰሞን መምህርቷ ቢሯቸው ጠሩኝ። ሌላ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ በእርጅና ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር አንድ ሰው እንዲጠቁሙ ተጠይቀው እኔን ጠቁመዋል። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፤ መልሱ በወሩ መጨረሻ ይፈለጋል።

በደስታ የምሆነው ጠፋኝ። ወዲያው ግን «አባባስ?» አልኩ በልቤ። አያቴ ከእኔ በቀር ሰው የላቸውም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን እስከ አደባባዩ ሄደን ስንመለስ እግራቸውን ሰርቄ አየሁት። ያው ነው። ያ የልጅነቴ እርምጃ፣ ከኔ ጋር እኩል የሚነሳው፣ እኩል የሚያርፈው። እንደ ድሮው አንዳንዴ ቆም እያሉ «ያን ደመና አየሽው?» ይሉኛል፤ ቆመን እናያለን። ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም አልተለወጡም። እንደዚህ ጠንካራ ሰው ትቼ ብሄድ ምን ይሆናሉ ብዬ ልቤን አሳረፍኩ። እሄዳለሁ ብዬ ለሳቸውም ነገርኳቸው።

ልኬቱን የጀመርኩት በጤና ጣቢያው የኋላ ኮሪደር ነው። ወለሉ ላይ ሁለት ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ በመካከላቸው አራት ሜትር። መስኮቶቹ በአንድ በኩል ናቸው፤ ጠዋት ብርሃኑ ወለሉ ላይ ተኝቶ ኮሪደሩን ኩሬ ያስመስለዋል። መመሪያው ግልጽ ነው፦ ለካዩ ከወዲያኛው ጫፍ ይቆማል፤ ተለካዩ ብቻውን፣ በዘወትር አረማመዱ፣ ወደ ለካዩ ይመጣል።

መመሪያውን አንብቤዋለሁ። ገብቶኛልም። ግን የመጀመሪያዋ አሮጊት ፕላስተሩ ላይ ቆመው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ እንዴት አድርጌ ልቁም? ትልቅ ሰው ብቻውን ሲንገዳገድ እጄን አጣምሬ ላይ ነው? እግሬ ሳላዘው ሄዶ ከጎናቸው ቆመ። አልነካኋቸውም፤ ነውር እንዳይሆን ክርናቸው አጠገብ እጄን አዘጋጅቼ አብሬ ሄድኩ። በሌላ እጄ ሰከንድ ቆጣሪውን ይዣለሁ። ከዚያ በኋላ የመጡትንም ሁሉ እንዲሁ። እያጫወትኩ፣ «አይዞዎት» እያልኩ፣ በዚያ የብርሃን ኩሬ ላይ ሰማንያ ስድስት ሰው አሻገርኩ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። ሲመርቁኝ ይውላሉ፤ ተመርቄ ተመርቄ ልበር ደርሻለሁ።

ውጤቱን ይዤ መምህርቷ ዘንድ ስገባ ደረቴን ነፍቼ ነው። ቁጥሩ ያምራል፤ አንዱም የተበላሸ የለም። ስድስት ነጥብ ሦስት፣ ስድስት ነጥብ አምስት፣ ስድስት ነጥብ አራት። መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም» አልኩ በኩራት።

«የሰባ ዓመቱም የዘጠና ዓመቱም?»

ወረቀቱን መልሼ አየሁት። መምህርቷ ተነስተው በሩን ከፈቱና ወደ ኮሪደሩ ወሰዱኝ። የወለሉን ሸክላ ቆጥረው አራት ሜትር ለኩ። «እስቲ ሂጂ» አሉኝ። «ከጎንሽ አንድ ሽማግሌ እንዳለ አድርገሽ።» ሄድኩ። ሰዓታቸውን አይተው ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም።

«ስድስት ነጥብ አራት» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ሰማንያ ስድስት ጊዜ የለካሽው ራስሽን ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መምህርቷ ስቀው ሲጨርሱ ኮስተር አሉ። «ጎበዞቹ ላንቺ ብለው ቀስ ብለዋል። ደካሞቹ ደግሞ ካንቺ ላለመቅረት ራሳቸውን ገድለዋል። አሥራ ሁለቱ ሰዎች እዚህ ወረቀት ላይ የሉም፤ ተደብቀዋል። የደበቅሻቸው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ በአክብሮትሽ።»

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከመስታወቱ ተደግፌ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ሰማንያ ስድስቱ ሰዎች በዚያ ኩሬ ላይ በአንድ ሰልፍ ሲሄዱ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሁሉም እግር ላይ የኔ የአራት ዓመት ጫማ ነው። «አውልቁት፣ ይጠብባችኋል» ልል እፈልጋለሁ፤ ድምፅ የለኝም። ስነቃ ፌርማታዬ አልፎኛል።

በሁለተኛው ዙር ከወዲያኛው ጫፍ ቆምኩ። አንጀቴ እያረረ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጡት ሰፈሩ ሁሉ «ጄኔራሏ» የሚላቸው ጡረተኛ የጽሕፈት ሠራተኛ ናቸው። ከፕላስተሩ ማዶ ሆነው ገላመጡኝ።

«ምነው? ተኳረፍን እንዴ?»

«የለም እትዬ፣ ደንቡ ነው። በዘወትር አረማመድዎ ብቻዎን ይምጡ።»

በአራት ሰከንድ ከአፍንጫዬ ሥር ደረሱ። «በፊት ቀስ ያልኩት እኮ አንቺ ደካማ መስለሽኝ ነው» አሉኝ። «ቁርስ አትበላም እንዴ ይቺ ልጅ ብዬ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት።»

ከሳቸው ቀጥሎ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ ግዙፍ ሰው መጡ። በፊት ከኔ ጋር እየቀለዱ በስድስት ተኩል ጨርሰውት ነበር። ብቻቸውን ሲሆኑ ዘጠኝ ሰከንድ ፈጀባቸው፤ ሲደርሱ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። እንደዚህ እያለ የተደበቁት አንድ በአንድ ከወረቀቱ ላይ ብቅ ብቅ አሉ። ልቤ እየደማም ቢሆን መምህርቷ ትክክል መሆናቸው ገባኝ።

ሰማንያ ስድስተኛውን ጨርሼ ፕላስተሩን ልልጥ ጎንበስ ስል ነርሷ መዝገቡን ይዛ መጣች።

«ሰማንያ ሰባት ናቸው እኮ» አለች። «አንድ ሰው ዘለሻል።»

ጣቷ ያረፈበትን ማየት አላስፈለገኝም። በሁለቱም ዙር አውቄ ነው የዘለልኳቸው። የሳቸውን አውቀዋለሁ ብዬ ነው።

አያቴ በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው መጡ። ነርሷን ጎንበስ ብለው ሰላም አሉ። «የሰማንያ ሁለት ዓመት ፖስተኛ ልትለኩ ነው? ሜትራችሁ ይበቃል?» አሉና ሁላችንንም አሳቁ። ከዚያ ፕላስተሩ ላይ ቆሙ። እኔ ከወዲያኛው ጫፍ ቆምኩ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጋ አደረጉ፣ ሁልጊዜ እኔ ወደምገኝበት ቦታ። ባዶ ሆነባቸው። ዘወር ብለው ጎናቸውን አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ።

«አትመጪም?»

«አልመጣም አባባ። እርስዎ ይምጡ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ልሂድ?»

«ብቻዎን» አልኩ።

የመጀመሪያው እርምጃ አጭር ነበር፤ ሁለተኛው ከዚያም አጠረ። እግራቸው ከወለሉ አይነሳም፤ እየተንሸራተተ ነው የሚመጣው። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙና ግራ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ወደ መስኮቱ ዞረው «ያን ደመና አየሽው?» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣብኝ። የአደባባዩ ደመና። ደረጃችን ላይ በየስድስት መረገጫው ቁልፍ ፍለጋ ኪሳቸውን የሚበረብሩት። ቤት ስንደርስ ጫማቸውን ሊፈቱ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት ሳይፈቱ የሚቆዩት። እኔ ደግሞ አያቴ እንደኔ ሕልመኛ ናቸው እያልኩ በደስታ አብሬ ሰማይ ሳይ ኖሬያለሁ። የእርጅና ጥናት ተማሪ! የሰው አያት እርምጃ ልለካ ስዞር የራሴ አያት ከጎኔ ሆነው ሲያልቁ አላየሁም። ሮጬ ልይዛቸው እግሬ ተነሳ፤ ነርሷ ትከሻዬን ያዘችኝ። አያቴ እጃቸውን ከግድግዳው አነሱና መጡ። ፕላስተሩን ረገጡ። ሰዓቱን አቆምኩ።

«ስንት አልሽ?»

«አሥራ አንድ።»

ነርሷ ብልህ ናትና አንድ ነገር የረሳች መስላ ወጣች። አያቴ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ስድስት ብለሽ ጻፊው» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አባባ…»

«ካንቺ ጋር ስሆን ስድስት አይደለሁም? እሱን ጻፊ። ያ ውሸት አይደለም።»

«ከኔ ጋር ሲሆኑ እንዴት ነው የሚችሉት ታዲያ?»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹት። «አንቺ አጠገቤ ስትኖሪ እግሬ ያፍራል» አሉ። «ትንሽ ሳለሽ ላንቺ ብዬ ነበር ቀስ የምለው። ከዚያ ሳላስበው ጊዜው ተገለበጠ፤ በዚያችው ባንቺ እርምጃ ለመሄድ መሮጥ ጀመርኩ። ልንገራት ልንገራት እላለሁ። ትምህርትሽን እንዳትተዪው ፈራሁ። ኤሊዬ፣ አሥራ አንድ ብለሽ ከጻፍሽ አትሄጂም። አውቅሻለሁ።»

እውነታቸውን ነው፤ ያውቁኛል። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እስክሪብቶውን ያዝኩ። ስድስት ብዬ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም። አያቴ ፊታቸው ይበራል፣ እኔ ሻንጣዬን እሸክፋለሁ፣ መምህርቷ ይደሰታሉ። አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ግን ያን ቁጥር ብጽፈው እሳቸውን በገዛ እጄ ሁለተኛ እደብቃቸዋለሁ፤ የዚያን ጊዜስ አላወቅኩም ብዬ አመካኛለሁ፣ የዛሬውን ለማን እነግራለሁ? አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

አያቴ ወረቀቱን አዩት፣ ተነሱ፣ ሳይጠብቁኝ ወጡ። እስከ ቤታችን ከኋላቸው በአሥር እርምጃ ርቀት ተከተልኳቸው። ዘወር አላሉም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሮጡም።

ሦስት ቀን አኮረፉኝ። ስምንተኛ ሆነው የነርሷ ዝርዝር ውስጥ ገቡ፤ ማክሰኞና አርብ ትመጣለች። መጀመሪያ ቀን በር ላይ ሊመልሷት ሞክረው ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ ገብታ «ደብዳቤ አለኝ ለርስዎ» ብላ የደም ግፊት መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ሳቃቸው አመለጣቸው። አናጺ መጥቶ በደረጃችን ላይ ከታች እስከ ላይ የእጅ መደገፊያ ገጠመ፤ አያቴ «ይሄ ለኤሊ ነው» እያሉ ይዘውት ይወጡ ጀመር። እግራቸውን በወንበር ላይ ሆነው በቀን ሦስት ጊዜ ያነሳሉ፤ ነርሷ የቤት ሥራ ሰጥታቸዋለች።

እኔ መምህርቷ ዘንድ ሄጄ ዕድሉን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ጠመኔውን አስቀመጡ።

«ሰው ከሚወደው ሰው ጋር ሲራመድ ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚዋሽ የለካ ተማሪ አላየሁም» አሉኝ። «ጥናትሽ እሱ ነው። ግማሹን ዓመት እዚያ ትማሪያለሽ፣ ግማሹን እዚሁ ሰፈርሽ ትለኪያለሽ። እኔ እጽፍላቸዋለሁ።» ከዚያ መነጽራቸውን ቀና አድርገው «ብቻ በፈጠረሽ፣ ስትለኪ አብረሽ አትሂጂ» አሉኝ።

ይህን ለአያቴ ስነግራቸው እንደገና ሊያኮርፉ ቃጣቸው። «በኔ ምክንያት ግማሽ?» አሉ።

«በእርስዎ ምክንያት ሙሉ» አልኳቸው። «ርዕሱን የሰጡኝ እርስዎ አይደሉም?»

የምሄድ ዕለት ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ ኮታቸውን ለብሰው ደረጃው ሥር ጠበቁኝ። «እሸኝሻለሁ» አሉ። ፌርማታው ሩቅ አይደለም፤ ድሮ አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጅብን። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ያዝኩት። በዚህ ጊዜ ግን እግራቸውን አላየሁም፤ መዳፋቸውን ነው ያዳመጥኩት። ሲከብድ ቆምኩ፣ ሲቀልልኝ ተራመድኩ። አዲስ እርምጃ ነበር፤ እንደ ሕፃን ተማርኩት። ብርሃኑ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይሸጋገራል፤ አንድ ቤት በረንዳ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ነፋስ ገብቶበት እጁን ያወዛውዛል። አያቴ ቆም አሉ። ሸሚዙን ያሳዩኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ደክሞኛል» አሉ። «ትንሽ እንቁም።»

በሕይወቴ ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቆምን። ሸሚዙን እኔ አሳየኋቸው።

ፌርማታው ልንደርስ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲቀረን አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ በሩን ዘግቶ ሄደ። አያቴ መዳፌን ጠበቅ አድርገው ሊፈጥኑ ሞከሩ። እኔ አልፈጠንኩም። በራሳችን ጊዜ ደረስን። ትኬት ቆራጩ ሻንጣዬንና እኛን እያፈራረቀ አየን።

«ምነው ዘገያችሁ? አሁን እኮ ነው የሄደው!»

«አለቃዬን ጠይቃቸው» አልኩና ወደ አያቴ ጠቆምኩ።

አያቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ የሚቀጥለው አውቶቡስ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ነበረን።